ቲ-በኬት በባህላዊው ወግ፦ ሻንሲ ከመበየድ እስከ መንገድ፣ የ1970ዎቹን ኪት ወደ 1950ዎቹ መልክ እስከ መመለስ

ሆት ሮድ ከሚባሉት፣ ለፍጥነትና ለመልክ ተለውጠው ከሚሠሩት አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች መካከል እንደ ቲ-በኬት የሠሪዋን እጅ የምታጋልጥ የለችም። የፎርድ ሞዴል ቲ ክፍት ቦዲ፣ ኮፈን የሌለው ቪ-8 ሞተር፣ ከፊት ቀጭን ከኋላ ሰፊ ጎማ፣ ከመቀመጫው ጀርባ አጭር የጭነት ሣጥን። ከዚህ ሌላ ብዙም ነገር የላትም። ፓራፋንጎ የለም፣ ባምፐር የለም፣ ጣሪያ የለም። ብየዳው ይታያል፣ የፍሬን ቱቦው አካሄድ ይታያል፣ ከዳዶው ያለፈው የብሎን ጫፍ ሳይቀር ይታያል።

ይህ መመሪያ ከባዶ ለሚጀምርም፣ ያረጀ የ1970ዎቹ ኪት (ለመገጣጠም ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ የዕቃ ስብስብ የተሠራ መኪና) ገዝቶ መልኩን ለመቀየር ለሚያስብም ይሆናል። ዕቃውም የታርጋ ሕጉም ያለው አሜሪካ ስለሆነ የማወራው እዚያ ጋራዥ ላለው ሰው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፦ የዚህች መኪና ውበት የሚወሰነው ቀለም ቤት ገብታ አይደለም፤ ሻንሲው ከመበየዱ በፊት ወለል ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ቁመናና ስለ ፊት እግር ብዙ እጽፋለሁ፣ ስለ ክሮም ግን ጥቂት።

መጀመሪያ ዘመን ምረጡ

ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ ሠርቷል። የ2.9 ሊትር ሞተሩ ጉልበት 20 ፈረስ ብቻ ነበር። 1950ዎቹ ሲገቡ ቦዲው በየጓሮው የተጣለ ብረት ሆኖ ነበርና ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኖርም ግራቦውስኪ የሚባል ወጣት የ1922 ባለ ሁለት ረድፍ መቀመጫ ሞዴል ቲ አግኝቶ የፊቱን ግማሽ ብቻ ወሰደ። ከኋላው የሞዴል ኤ ፒክአፕ ሣጥን አሳጥሮ አስቀመጠ፣ የካዲላክ ቪ-8 ጫነበት። የሻንሲውን ጅራት ወደ ላይ ስላጠፈው መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ቆመች። በ1955 የመጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፤ ከ1958 ጀምሮ በቴሌቪዥን ድራማ ስትታይ ደግሞ አገር ምድሩ አወቃት። ተዋናይም የድራግ (የአጭር ቀጥታ መንገድ ፍጥነት ውድድር) ተወዳዳሪም የነበረው ቶሚ አይቮ በበኩሉ የቢዩክ ሞተር የተጫነበት የራሱን ቲ ሠራ። ዛሬ ባህላዊ የሚባለው ቲ ከሞላ ጎደል ከሁለቱ ወደ አንዱ ያጋድላል፦ ወይ እንደ ግራቦውስኪ ለዓይን ይደፋል፣ ወይ እንደ አይቮ ለውድድር ይሰናዳል።

ከዚያ በኋላ የፋይበርግላስ ቦዲ መጣ፣ አብዛኛው የ1923ን ቅርጽ የቀዳ ነው። በ1970ዎቹ ሙሉ ኪት በካታሎግ ታዝዞ ቤት ድረስ የሚመጣበት ጊዜ ሆነ፤ ኔብራስካ ሊንከን ያለው ስፒድዌይ ሞተርስ ከሻጮቹ አንዱ ነበር። ችግሩ፣ የዚያ ዘመን ቲ ክሮም በክሮም፣ ቁመቷ የሠርግ ድንኳን የሚያህል ነገር ሆና ቀረች።

አንድ ዓመት ምረጡና ግድግዳ ላይ ጻፉት። 1959 ካላችሁ ከ1959 በኋላ የተሠራ ዕቃ ዓይን ላይ እንዳይወጣ። በፍሬን፣ በመስታወትና በቀበቶ ግን በዘመን አትሟገቱ፤ በአዲሱ አሠራር ሥሩና ደብቁት።

ወረቀት

ማንኛውንም ዕቃ ስትገዙ ደረሰኝ ያዙ፣ በተለይ የሞተር፣ የካምቢዮ፣ የቦዲና የሻንሲውን ብረት። ታርጋ ለማውጣት ስትሄዱ ዕቃው ከየት እንደመጣ ትጠየቃላችሁ። ካሊፎርኒያ ላይ እንዲህ ያለ በእጅ የተሠራ መኪና በሞተሩ ወይም በሚመስለው መኪና ዓመት ለጭስ ምርመራ እንዲመደብ የሚያስችል ሰርተፊኬት አለ፣ ግን በዓመት ለ500 መኪና ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ዓመቱ ሲገባ ቶሎ ካልተሰለፉ ያልፋል። አንዳንድ ግዛቶች ፓራፋንጎ ያስገድዳሉ። የፊት መብራት ቁመት ከመሬት ከ56 ሴ.ሜ በታች መሆን የለበትም፤ ዝቅ ባለ መኪና ላይ ይህ ቁጥር ሳይታሰብ የሚመጣ ጣጣ ነው። የግዛታችሁን ሕግ ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት አንብቡ።

ቁመናውን ወለል ላይ ማውጣት

ጎማና ቸርኬ ሳትገዙ አትጀምሩ። ሁሉም ልኬት የሚነሳው ከጎማው ነው። ለ1950ዎቹ መልክ ከፊት 5.60-15 ጎማ በ4 ኢንች ቸርኬ፣ ከኋላ 8.20-15 በ6 ወይም 7 ኢንች ቸርኬ አስተማማኝ ምርጫ ነው። የፊቱ ቁመት 65 ሴ.ሜ፣ የኋላው 75 ሴ.ሜ ገደማ ይሆናል። ይህ የ10 ሴ.ሜ ልዩነት ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል።

ወለሉን በውሃ ልክ ፈትሹ፤ ካዘነበለ አራቱ እግሮች የሚያርፉባቸውን ቦታዎች በላሜራ ቁራጭ አስተካክሉ። ከዚያ በኖራ ክር መሃል መስመር ምቱ። በመስመሩ ላይ ሁለቱን አክስሎች ምልክት አድርጉ፤ የሞዴል ቲ የአክስል ርቀት 100 ኢንች፣ 254 ሴ.ሜ ነበር። ከዚህ ብዙም አትራቁ። ሲያጥር አሻንጉሊት ትመስላለች፣ ሲረዝም በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ባዶ ይታያል።

ጎማዎቹን በምልክቱ ላይ በእንጨት ደግፋችሁ አቁሙ። ቦዲውን በሳንቃና በጡብ አንሱት። ውስጡ ባዶ የሆነ የሞተር ብሎክ ቴስታታውንና ካምቢዮውን አስራችሁ በክሬን ቦታው ላይ ስቀሉት፤ ሙሉ ሞተር መጠቀም ለወገባችሁም ለኪሳችሁም አያዋጣም። ራዲያተሩን አቁሙ፣ ቱንቢ እየጣላችሁ እያንዳንዱን ነገር ከመሃል መስመሩ ጋር አስተያዩ።

አሁን ቦዲው ውስጥ ግቡና ተቀመጡ። ቀልድ አይደለም። የዚህ ቦዲ የእግር ቦታ በጣም ጠባብ ነው፤ ረጅም ሰው ከሆናችሁ ጉልበታችሁ መሪው ሥር ይቀረቀራል። የመቀመጫውን ውፍረት፣ የፔዳሉን ቦታ፣ የመሪውን ዘንግ ማዕዘን በዚህ ሰዓት ወስኑ። የኋላው ግድግዳ 5 ሴ.ሜ ወደ ኋላ መሄድ ካለበት ዛሬ ነው የሚሄደው።

ቀጥሎ ራቁ። ጋራዡን ከፍታችሁ መንገድ ማዶ ቁሙ፣ በጉልበት ከፍታ ከጎን ፎቶ አንሱ። የምትፈልጉት ሦስት መስመር ነው። የራዲያተሩ ጫፍ ከፊት መስታወቱ እግር ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ይበል፤ ከዚያ ከፍ ያለ ራዲያተር መኪናዋን አንገተ ረጅም ያደርጋታል። የጭነት ሣጥኑ ከንፈር ከቦዲው ከንፈር በታች ይሁን። የሻንሲው የታች መስመር ወደ ፊት 2 ወይም 3 ዲግሪ ያዘንብል። ከዚያ በላይ ደፍታችሁ ፎቶ ላይ ብታምርም ነገ የመሪው ጂኦሜትሪ ያስከፍላችኋል፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

አንድ የደህንነት ፍተሻ አለ፦ ከአንዱ ጎማ ቸርኬ የታች ጠርዝ ተነስታችሁ ወደ ሌላኛው ጎማ የመሬት ንክኪ ክር ዘርጉ፣ በጎንም በአግድምም፣ በሁሉም አቅጣጫ። ከክሩ በታች የሚወርድ ምንም ብረት መኖር የለበትም። ጎማ ቢፈነዳ መኪናዋ በቸርኬዋ እንጂ በመሪ ዘንጓ መሬት እንዳትጎትት ነው።

ሻንሲ

ብረቱ 50 በ75 ሚ.ሜ ቱቦላሬ ነው፣ አሜሪካ ላይ 2 በ3 ኢንች ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ውፍረቱ 3 ሚ.ሜ ለቀላል ሞተር ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ ከ4.8 ሚ.ሜ አልወርድም፤ የክብደቱ ልዩነት ኢምንት ነው፣ የብየዳው እርጋታ ግን ብዙ ነው።

ከከባድ ብረት ጠረጴዛ ሥሩ፤ ካጣችሁ ወለል ላይ አራት ደልዳላ መቀመጫ አስተካክሉ። ሁለቱን ዋና ዘንጎች ለዩ፣ የፊቱን፣ የመሃሉንና የኋላውን ተሻጋሪ ብረት በነጠብጣብ ብየዳ ብቻ ያዙ። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለኩ። ሁለቱ ሰያፍ በ2 ሚ.ሜ ካልተቀራረቡ አትቀጥሉ። ሙሉ ብየዳው ሲጀመር ከአንድ ጎን 4 ወይም 5 ሴ.ሜ፣ ከዚያ ወደ ተቃራኒው ጥግ፣ እየተቀያየራችሁ ሂዱ። አንድ ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው የሚሄዱ ሰዎች ሻንሲያቸው እንደሙዝ ይታጠፍና ጥፋቱን በብረቱ ላይ ያሳብባሉ።

የኋላው ከፍታ ማለትም ሻንሲው ከአክስሉ በላይ እንዲያልፍ የሚታጠፈው ክፍል፣ የተቆረጠ መገጣጠሚያ ስለሆነ በጎኑ ተጨማሪ ሳህን ይፈልጋል። ሳህኑን ቀጥ ባለ ቁራጭ አትለጥፉ፤ እንደ አልማዝ ቅርጽ አሹሉት፣ ብየዳው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ብረቱን አቋርጦ እንዳያዳክም። ካምቢዮውን የሚሸከመው ተሻጋሪ ብረት በብሎን የሚፈታ ይሁን፣ አለዚያ ፍሪሲዮን በተበላ ቁጥር ሞተር ማውረድ ይመጣል።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁለት ብየዳ ከሻንሲው አፍንጫ ወደ ፊት ወጥቶ የፊት ባሌስትራውን የሚይዘው መቀመጫ ነው። በቲ-በኬት ላይ አክስሉ ከሻንሲው በፊት እንጂ ከሥሩ አይደለም፤ መኪናዋን ያን ያህል ዝቅ የሚያደርጋት ይህ ነው። የፊቱ ክብደት በሙሉ፣ ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውም ጭምር፣ በዚህ አንድ ቁራጭ ላይ ይንጠለጠላል። ቢያንስ 10 ሚ.ሜ ሳህን ተጠቀሙ፣ ጠርዙን ሸርፋችሁ ብየዳው ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ አድርጉ፣ በሁለቱም ጎን ሦስት ማዕዘን ድጋፍ ጨምሩ። እጃችሁ ለዚህ ካልተፈተነ ፈቃድ ላለው በያጅ ክፈሉ። በስቱኮ የተሸፈነ መቀመጫ ያላት መኪና ካያችሁ አትግዙ።

የፊት እግር

ባህላዊው ምርጫ ወደ ታች የጎበጠ የፎርድ አይ-ቅርጽ አክስል ነው። ከ1937 እስከ 1940 ከትንሿ ቪ-8 ጋር የመጣው ባለ ቱቦ የፎርድ አክስልም በዘመኑ ይፈለግ ነበር፤ ዛሬ በኪት የሚመጣው ባለ 4 ኢንች ጉብጠት ቱቦ የእሱ ዘመድ ነው። ልዩነታቸው መልክ ብቻ አይደለም። አክስሉን ወደ ኋላ የሚይዙት እንደ ፀጉር መርፌ የታጠፉ ደጋፊ ዘንጎች ከአክስሉ ጋር ድርቅ ብለው ሲታሰሩ፣ አንዱ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ አክስሉ መጠምዘዝ አለበት። አይ-ቅርጹ ይጠመዘዛል። ቱቦ እምቢ ይላል፤ እምቢታው ወደ ማሰሪያው ይሄድና ከጊዜ በኋላ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ቱቦ ከመረጣችሁ በየጊዜው ማሰሪያውን አጥባችሁ ተመልከቱ፣ ወይም በአራት ዘንግ አስሩት። አራት ዘንግ ግን ለ1959 ዓይን አይሆንም።

ባሌስትራው በአግድም ይቀመጣል። መኪናዋ ሙሉ ክብደቷን ይዛ ስትቆም የባሌስትራው ማንጠልጠያዎች 45 ዲግሪ ገደማ ማጋደል አለባቸው። ቀጥ ብለው ከቆሙ መኪናዋ ወደ ጎን ትዋልላለች፣ ከተኙ ደግሞ ባሌስትራው አይሠራም። የቲ-በኬት ፊት ቀላል ስለሆነ የተገዛው ባሌስትራ ብዙ ጊዜ ይከብዳታል፤ ዋናውን ቅጠል ሳትነኩ ከመሃል አንድ አንድ እያላችሁ ቀንሱ። ሾክ አብዞርበር ያለ ጥርጥር ያስፈልጋል፣ ለዓይን የድሮው በፍትጊያ የሚሠራው ዓይነት ቢሆንም።

የፔርኖው (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ቋሚ ፒን) ራስ ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ማዕዘን ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ይሁን። እዚህ ላይ ነው ያልኳችሁ ሒሳብ የሚመጣው፦ አክስሉን በሻንሲው ላይ 6 ዲግሪ አድርጋችሁ ብትበይዱና መኪናዋ በ3 ዲግሪ ወደ ፊት ብትደፋ፣ መንገድ ላይ የሚቀራችሁ 3 ብቻ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፊቷ መርገፍገፍ ይጀምራል። ማዕዘኑን የምትለኩት ከሻንሲው ሳይሆን ከመሬት ነው፣ መኪናዋ በመጨረሻ ቁመናዋ ላይ ሆና። ፊቷ ከረገፈገፈ ደግሞ መጀመሪያ የፔርኖውን መበላት፣ የጎማውን ሚዛንና ይህን ማዕዘን መርምሩ፤ የመሪ ሾክ መግጠም በሽታውን ደብቆ ማቆየት ነው።

መሪ

በባህላዊው አሠራር የመሪው ሣጥን በግራ ሻንሲ ላይ ይቀመጥና አንድ ረጅም ዘንግ ከጎን ወደ ፊት ሄዶ የግራውን ጎማ ይገፋል። የ1953 እስከ 1956 ፎርድ ኤፍ-100 ሣጥን የዘመኑ ነው፤ በኪቶች ላይ የሚበዛው የሼቭሮሌ ኮርቬር ነው። የኮርቬር ሣጥን በቲ ላይ ሲገጠም አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ተቀይሮ የተዘጋጀውን ግዙ። ከመበየዳችሁ በፊት መሪውን ወደ ግራ አዙሩና ጎማው ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ሰው ይስቃል፣ ግን ወደ ቀኝ የሚሄድባቸው ጋራዦች አሉ።

ረጅሙ ዘንግ ከደጋፊው ዘንግ ጋር ትይዩ፣ በርዝመትም የተቀራረበ ይሁን፤ የኋላ መዞሪያቸውም ጎን ለጎን ይቅረብ። እንዲህ ካልሆነ ባሌስትራው በተነሳ በወረደ ቁጥር መሪው በራሱ ይዞራል።

ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ ከአክስሉ በስተኋላ ይለፍ። የመሪ ክንዶቹን ማዕዘን ለመፈተን ከፔርኖው መሃል ተነስታችሁ በቴስቲናው (የዘንጉ ጫፍ መገጣጠሚያ) ቀዳዳ አልፋችሁ ክር ሳቡ፤ የግራና የቀኝ ክሮች በኋላው አክስል መሃል መገናኘት አለባቸው። ለመልክ ብለው ዘንጉን ወደ ፊት የሚያመጡ ሰዎች ይህን ይገለብጡትና በእያንዳንዱ መታጠፊያ ጎማው ይጮሃል። የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ የሚጠጉበት ልክ ከ1.5 እስከ 3 ሚ.ሜ ነው። እያንዳንዱ የመሪ ዳዶ ኮፒሊያ ይሰካበት፤ የተበየደ የመሪ ክንድ ደግሞ በምንም ሰበብ አይግባ።

የኋላ አክስልና ትራንስሚሲዮን

የፎርድ 9 ኢንች ዲፈረንሻል በ1957 የወጣ ስለሆነ ለ1959 መኪና በዘመኑ ነው፣ አይሰበርምም። የፎርድ ማቬሪክ ባለ 8 ኢንቹ ጠባብና ቀላል ነው፤ ለዚህ ክብደት ይበቃል። ባሌስትራም ሆነ ባለ ሞላ ሾክ ብትመርጡ፣ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዝ ሰያፍ ዘንግ አትርሱ። የሞተሩ ጅራት 3 ዲግሪ ወደ ታች ካለ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ 3 ዲግሪ ወደ ላይ ይሁን። ሁለቱ ክሮቸራዎች (ዘንጉ እየታጠፈ የሚዞርባቸው መገጣጠሚያዎች) በትይዩ መስመር ካልሠሩ ነዝሮ ወገባችሁን ይጨርሳል።

ስለ ጥርስ ሬሾ፦ በ75 ሴ.ሜ ጎማና በ3.50 ሬሾ፣ የመጨረሻው ማርሽ አንድ ለአንድ ሲሆን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ 2,470 ዙር ገደማ ይዞራል። በ4.11 ግን 2,900 ይደርሳል። መኪናዋ ቀላል ስለሆነች በ3.50ም ከበቂ በላይ ትነሳለች።

ሞተር

የካዲላክ 331 ወይም ኔይልሄድ የሚባለው የቢዩክ ቪ-8 ቢገኝ ደስ ይላል፤ መለዋወጫው ግን ውድ ነው። ብዙ ሰው የሚያዋጣው ትንሹ የሼቭሮሌ ቪ-8 ነው። በ1955 በ265 ኩቢክ ኢንች ጀመረ፣ በ1957 283 ሆነ። ክብደቱ 260 ኪሎ አካባቢ ነው። ከ1969 በፊት የነበረውን አጭሩን የውሃ ፓምፕ ፈልጉ፤ በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ዋጋ አለው። ዲስትሪቢዩተሩ ከኋላ ስለሆነ የቦዲውን የፊት ግድግዳ እንዳይነካ ቀድማችሁ ለኩ።

ሞተሩን ስታስቀምጡ የውሃ ልኩን ካርቡሬተሩ በሚያርፍበት ፊት ላይ አድርጉ። ከመሬት ጋር እኩል ካልሆነ ቤንዚኑ በአንድ ጎን ይሞላል። እዚህም የሚለካው ከመሬት እንጂ ካዘነበለው ሻንሲ አይደለም።

ሦስት ባለ ሁለት አፍ ካርቡሬተር የዘመኑ ጌጥ ነው፣ በትክክል ከታሰረ ለመንዳትም አያስቸግርም። መሃለኛው ብቻ ሚኒሞ ይያዝ፣ ቾክም እሱ ላይ ብቻ ይሁን። ሁለቱ ዳር ያሉት ጭራሽ ተዘግተው ይቆዩና መሃለኛው ግማሽ ሲከፈት አብረው ይነሱ። ዳሮቹ በፀጉር ያህል ክፍት ከቀሩ ሚኒሞው አይረጋም፣ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ መሃለኛውን ሲያስተካክል ይውላል። ሁለት መመለሻ ሞላ አድርጉ፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲመልስ። ስትሮምበርግ 97 የሚባለውን ካርቡሬተር ከተጠቀማችሁ የቤንዚን ግፊቱ ከ2.5 እስከ 3 ፒኤስአይ ይሁን፤ የአዲሱ ዘመን ፓምፕ ከዚያ እጥፍ ስለሚሰጥ መቀነሻ ካልተገጠመ በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ቤንዚን ይፈሳል።

ፍሬን

ከ1940 እስከ 1948 የነበረው ባለ 12 ኢንች የፎርድ ታምቡር ወይም ክንፋማው የቢዩክ አሉሚኒየም ታምቡር ለመልኩ ተስማሚ ነው። የፍሬን ማስተሩ ግን ባለ ሁለት ክፍል ይሁን፣ አንዱ መስመር ቢፈስ ሌላው እንዲይዝ። ማስተሩ ከወለሉ ሥር ከጎማዎቹ ፍሬን ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ዘይቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ለዚህ ግፊት የሚይዝ ቫልቭ በመስመሩ ላይ ይገባል፣ ለታምቡር 10 ፒኤስአይ፣ ለዲስክ 2። የፔዳሉ ክንድ ሬሾ 6 ለ1 ቢሆን እግር አያደክምም። ቀጭን የፊት ጎማ ቶሎ ስለሚታሰር የግፊት ማመጣጠኛ ግጠሙና ዝናብ በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ አስተካክሉ። የእጅ ፍሬን አይዘለል።

ቦዲ

የፋይበርግላስ ቦዲ ባዶውን ይርገበገባል። ውስጡን በ20 ሚ.ሜ ካሬ ብረት አጥር ከባችሁ በሬዚን አጣብቁ፤ በተለይ የመቀመጫ ቀበቶውና የመሪ ዘንጉ የሚታሰሩበት ኃይል ከሻንሲው ጋር በብረት መገናኘት አለበት፣ ከፋይበሩ ጋር ብቻ አይደለም። በቦዲውና በሻንሲው መካከል ጎሚኒ አስገቡ። ስለ በሩ አትጨነቁ፤ የአሜሪካው ባለ ሁለት ረድፍ ሞዴል ቲ ራሱ ለብዙ ዓመት በሹፌሩ በኩል የነበረው በር የውሸት ነው።

የ1970ዎቹን ኪት መመለስ

ያረጁ ኪቶች በርካሽ ይገኛሉ። መጀመሪያ ሻንሲውን ራቁቱን አድርጉና የባሌስትራውን መቀመጫ፣ የደጋፊ ዘንጎቹን ማሰሪያና የመሪ ሣጥኑን ሳህን ስንጥቅ በሚያሳይ ቀለም መርምሩ። ሻንሲው ካልረባ መልኩን ማሳመር ትርፉ ድካም ነው፤ ቦዲውን አስቀሩና ከላይ ከጻፍኩት ጀምሩ።

ሻንሲው ደህና ከሆነ ቅደም ተከተሉ ከማንሳት ይጀምራል። ረጅሙን ጣሪያ፣ የነሐስ ፋኖሶቹን፣ ወደ ሰማይ የተቀሰሩትን ጭስ ማውጫዎች፣ ክሮም የአየር ማጣሪያውን አውርዱ። ብዙ መኪና እዚህ ላይ ብቻ ግማሽ ዘመን ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀጥሎ ጎማ፤ ከኋላ ያለውን አጭርና እጅግ ሰፊ ጎማ ከላይ በጠቀስኩት ረጅምና ጠባብ ዓይነት ቀይሩ፣ ቸርኬውም የተቀባ ብረት ይሁን። ጎማው ሲጠብ አክስሉ ረዝሞ ሊታይ ይችላል፣ የቸርኬውን ስምጠት አስተካክላችሁ ወደ ቦዲው አስጠጉት።

ከዚያ የፊት መስታወቱ። የኪቱ መስታወት ቀጥና ረጅም ነው። እግሮቹን ከ8 እስከ 10 ሴ.ሜ አሳጥሩ፣ ጥቂት ወደ ኋላ አጋድሉት፣ አዲሱን መስታወት ከድርብ ከተጣበቀው ዓይነት ብቻ አስቆርጡ። የመሪው ዘንግ እንደ አውቶቡስ ቀጥ ብሎ ከቆመ በክሮቸራ ሰብራችሁ ወደ ደረት ዝቅ አድርጉት፤ መሰበሩ በግጭት ጊዜም ይጠቅማል። ቦዲው ከሻንሲው በላይ ተንሳፍፎ የሚታይ ከሆነ ወለሉን ቆርጣችሁ ከ5 እስከ 8 ሴ.ሜ አስምጡት። ይህን ስታደርጉ ራዲያተሩም አብሮ መውረድ አለበት፣ አለዚያ ከላይ ያልኳችሁ የራዲያተሩና የመስታወቱ እግር መስመር ይበላሻል። የእግር ቦታም ይቀንሳል፤ እንደገና ተቀመጡና ለኩ። የጭነት ሣጥኑ ከ45 እስከ 60 ሴ.ሜ ይበቃዋል። ሰልባትዮውን እሱ ውስጥ ደብቁ፤ ከራዲያተሩ ፊት የሚቀመጠው ክብ ሰልባትዮ ቢያምርም ቤንዚን ይዞ በግጭት ቦታ ላይ መቀመጡን አልወደውም።

ታፒሰሪው በቀጥታ መስመር የታጠፈ፣ አንድ ቀለም ይሁን፤ ነጭ ወይም ጥቁር። በአልማዝ ቅርጽ የተቆለፈውን ቬልቬት ለታሪክ ብላችሁ እንኳ አታስቀሩ።

መንገድ፣ ከዚያ ቀለም

ቀለም ከመቀባቷ በፊት ንዷት። ብረቷ አንቲረስት ብቻ ተቀብቶ፣ መብራት፣ ፍሬቻና ስቶፕ ሠርቶ፣ ታርጋ ወጥቶ። መጀመሪያ በሰፈር ውስጥ በ30 ኪሎ ሜትር፣ ፍሬን እየያዛችሁ። ከዚያ ወደ 60፣ ከዚያ ወደ ላይ። 300 ፈረስ በ800 ኪሎ መኪና ላይ ማለት ጋዝ የሚነካው እግር ጣት እንጂ ተረከዝ አይደለም፤ እርጥብ መንገድ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትቸኩሉ። ከመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትር በኋላ እያንዳንዱን ብሎን እንደገና አጥብቁ፣ የፊቱን ማዕዘን እንደገና ለኩ፤ ባሌስትራው ስለሚረግብ ቁጥሩ ይቀየራል።

የሚፈሰው ፈስሶ፣ የሚሰነጠቀው ተሰንጥቆ፣ የረሳችሁት ቀዳዳ ተበስቶ ሲያልቅ ፈትታችሁ ቀለም ቤት አስገቧት። ሻንሲና ቦዲ አንድ ቀለም ቢሆኑ መኪናዋ ዝቅ ብላ ትታያለች። ክሮሙን ለአክስሉ፣ ለደጋፊ ዘንጎቹና ለጭስ ማውጫው ብቻ ስጡ። የብሩሽ መስመር ካሰኛችሁ ቀለሙ ደርቆ፣ ተወልውሎ፣ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ከተገጣጠመች በኋላ ይሳል፤ የት መቆም እንዳለበት የሚታየው ያኔ ነው።